ሁለት ግራኞች በሼፊልድ

ነገሩ የተበላሸው በሰዓት ነው። ቅዳሜ ማታ ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው በር ላይ ቆሙና «ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አሉኝ። «በ7 ሰዓት» አልኳቸው። «እሺ በል፣ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የምንኖረው ሼፊልድ ነው። ዳገቷ አዲስ አበባን ያስታውሳል፤ ዝናቧ ግን ክረምት ማለቁን የሰማ አይመስልም። የዓለም የስኑከር ሻምፒዮና ከ1977 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ለማስላት አትድከሙ) እዚህ፣ ክሩሲብል በሚባል ቲያትር ውስጥ ይካሄዳል። 980 ሰው ብቻ የሚይዝ አዳራሽ ነው። የፊት ወንበር ላይ ያለ ሰው ቢያስነጥስ ተጫዋቹ ይሰማዋል። በበሩ በኩል አልፌ ሥራ እሄዳለሁ እንጂ ለፍጻሜ ገብቼ አላውቅም። የማየው ቤቴ ሶፋ ላይ ሆኜ ነው፤ ከሦስት ሰዎች ጋር።

አንደኛው ጋሼ ናቸው። በ80ዎቹ መጀመሪያ ነው እንግሊዝ የገቡት፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ነድተዋል። ሁለተኛው የእህቴ ልጅ ነው። 19 ዓመቱ ነው፣ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲናደድ ግን ይጠፋበታል። ሦስተኛዋ ባለቤቴ ናት። ነርስ ናት። ስኑከር አትወድም፤ የተጫዋቾቹን ታሪክ ግን ከሁላችንም በላይ ታውቃለች፤ ማን እንደተፋታ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር።

ያን ቅዳሜ፣ ሜይ 3፣ 2025፣ ማርክ ዊሊያምስ ጁድ ትረምፕን 17 ለ14 አሸንፎ ፍጻሜ ገባ። ተጋጣሚው ቀድሞ ታውቋል። ቻይናዊው ዣኦ ሺንቶንግ ሮኒ ኦሱሊቫንን 17 ለ7 አሰናብቶ እያረፈ ነው። ክርክሩ የተጀመረው ገና ዊሊያምስ ስቲኩን ሳጥኑ ውስጥ ሳይከት ነው።

ስኑከር ለማታውቁ፣ ፑል ነው፣ ግን ጠረጴዛው ሜዳ ያክላል። 15 ቀይ ኳሶችና 6 ባለ ቀለም ኳሶች አሉ። ቀይ አንድ ነጥብ ነው። ቀይ ስትከት ባለ ቀለም የመምታት መብት ታገኛለህ፤ ከቢጫ ጀምሮ ባለ 2፣ ጥቁር ላይ ሲደርስ 7። ባለ ቀለሟ ተመልሳ ቦታዋ ትቀመጣለች፣ ቀዩ አይመለስም። ስትስት ሄደህ ትቀመጣለህ። ጨካኝ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። እግር ኳስ ቢሆን ስትበለጥ ቢያንስ ትሮጣለህ፤ ስኑከር ላይ ውሃ እየጠጣህ፣ ካሜራ ፊትህ ላይ ተደቅኖ፣ ሌላው ሰውዬ ሲያጠፋህ ቁጭ ብለህ ታያለህ።

ፍጻሜው ቀድሞ 18 ፍሬም (ኳሶቹ ተደርድረው እስኪያልቁ የሚመቱበት አንድ ዙር) ያሸነፈ የሚወስደው ነው። በሁለት ቀን አራት ሴሽን፣ ማለትም አራት መቀመጫ፣ አለው። እሑድ ቀን 8 ፍሬም፣ እሑድ ማታ 9፣ ሰኞ ቀን 8፣ ሰኞ ማታ የቀረው።

እንግዲህ ሚዛኑ።

የጋሼ ሰው ዊሊያምስ ነበር። ዌልሳዊ ነው፣ ማርች 2025 ላይ ነው 50 የሞላው። ክሩሲብል ፍጻሜ ላይ በዚህ ዕድሜ የደረሰ ሰው የለም። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ በ2000፣ በ2003ና በ2018። አሁን ልብ በሉ፤ ሦስቱንም ያሸነፈው 18 ለ16 ነው። ማቲው ስቲቨንስን 18 ለ16፣ ኬን ዶኸርቲን 18 ለ16፣ ጆን ሂጊንስን 18 ለ16። የመጀመሪያውን ያሸነፈው 13 ለ7 ከተመራ በኋላ ነው። በሦስተኛው ደግሞ 14 ለ7 ሲመራ ሂጊንስ መጥቶ 15 እኩል አድርጎት ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም።

«ይሄ ሰውዬ» አሉ ጋሼ፣ «ነገር ሲጠብ ነው የሚነቃው። ዘንድሮም ሂጊንስን ያሸነፈው 13 ለ12 ነው። መጨረሻው ላይ ከእሱ ጋር የሚቆም የለም።»

«መጨረሻው ላይ ከደረሰ» አለ የእህቴ ልጅ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!»

«ማን ነው ያቦካው?»

ተረቱን ማስረዳት ጀመርኩና መሀል ላይ ተውኩት። የሚገርመው ጥያቄው ትክክል ነበር። «ልጅ» የሚሉት ዣኦ ያኔ 28 ዓመቱ ነበር። በ2021 የዩኬ ሻምፒዮና ዋንጫን የወሰደ ሰው ነው። ልጅ የሚያስመስለው ፊቱና አጨዋወቱ ነው። ሳያስብ የሚመታ ይመስላል። ሌላው ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ጠመኔ ቀብቶ፣ ተነፍሶ የሚመታውን እሱ ሁለት እርምጃ ሄዶ ጨርሶታል።

እኔ ለዚህ ነገር አክብሮት አለኝ፣ ምክንያቱም ሞክሬዋለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ሰፈራችን ፑል ቤት ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። እኔ ለሦስት ዓመት ያህል ብዙም ከፍዬ አላውቅም። እንግሊዝ እንደመጣሁ በዚህ ኩራት አንድ የስኑከር ክለብ ገባሁ። ጠረጴዛው 3 ሜትር ተኩል ይረዝማል። አረንጓዴው ጨርቅ መብራት ስር እንደ ተላጨ ሣር ያበራል። የቀዳዳዎቹ ከንፈር ክብ ነው፤ ኳሱ ጠርዙን ትንሽ ከነካ መልሰው ይተፉታል። አንዲት ቀይ ኳስ ወዲያኛው ጫፍ አስቀመጥኩ። ቀጥ ያለች ናት፣ ምንም ጥምዝ የላትም። ከዚህኛው ጫፍ ሆነህ ስታያት የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። አሥራ አንድ ጊዜ መታሁ። አንዴም አልገባችም። አጠገቤ ብቻቸውን የሚለማመዱ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው፣ ክንድህ ደህና ነው፣ የሚንቀሳቀሰው ጭንቅላትህ ነው አሉኝ። ኳሱ የት እንደሄደ ለማየት ስለምቸኩል ሳልጨርስ ቀና እላለሁ ለካ። አሥራ ሁለተኛውን ጭንቅላቴን ይዤ መታሁ። እሱም አልገባም። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። የተሸነፈ ይከፍላል።

ስለዚህ ዣኦ ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ ያለችን ቀይ ሽው አድርጎ ሲከታት እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የዚያ ዓመት የዊሊያምስ ድክመት ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ነበር። ዓይኑ ደክሞ ነበር። ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል፤ የዓይኑን ሌንስ በቀዶ ሕክምና ለማስቀየር እያሰበ ነበር። ሩቅ ያለችው ኳስ ትደበዝዝበት ነበር። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «የ50 ዓመት ዓይን ነዋ፣ ምን ትጠብቃላችሁ» አለች። እኔ 49 ዓመቴ ነው። ወሬ ቀየርኩ።

ደግሞ ግራኝነቱ አለ። ሁለቱም ግራኞች ናቸው። እኛ አገር ግራኝ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ታሪክ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአያቴ ቁንጥጫ። በግራ እጁ እንጀራ የነካ ልጅ የሚደርስበትን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የስኑከር ጠረጴዛ ላይ ግን ግራኝ መሆን ትንሽ ይረብሻል፤ ቀኝ እጅ ተጫዋች የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል፣ ትቼለታለሁ ብለህ ያስቸገርከው ኳስ ለሱ ምቹ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ግራኝ ሲገናኝ ይህ ሁሉ ይጣፋል። ጋሼ ግን አልተቀበሉኝም። «የሽማግሌ ግራኝ ይለያል» አሉ። ለምን እንደሆነ አላብራሩም።

የእህቴ ልጅ ስልኩን እያየ ቁጥር መደርደር ጀመረ። እውነት ለመናገር ቁጥሩ ያስፈራል። ዣኦ ያኔ አማተር ነበር። ፕሮፌሽናል ካርድ አልነበረውም፤ የመጣው ከማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር ተነስቶ ነው። አራት የማጣሪያ ጨዋታ አሸንፎ ክሩሲብል ገባ፣ እዚያ ደግሞ አራት ሰው ጣለ። ከማጣሪያ ተነስተው ክሩሲብል ላይ ዋንጫውን የወሰዱ እስከዚያን ቀን ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ቴሪ ግሪፊትስ በ1979 እና ሾን መርፊ በ2005። ከኦሱሊቫን ጋር የመጀመሪያውን ሴሽን 4 እኩል ወጡ። ሁለተኛውን ሴሽን 8 ለ0 በላው። ስምንቱንም! ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ሰውዬ! ከዚያ አንድ ሴሽን ሳይጫወቱት ቀረና ቅዳሜን ሙሉ ተኛበት። ዊሊያምስ ቅዳሜን ጠዋትም ማታም ከትረምፕ ጋር ሲታገል ነው የዋለው፤ ያመሸው።

«ነገ ቀን ላይ ይደክመዋል» አለ ልጁ። «ስድስት ለሁለት ቢመራ ምን ይሆናል?»

«ማን?»

«ዣኦ። ነገ፣ መጀመሪያው ሴሽን ላይ። ስድስት ለሁለት ቢሆን?»

ጋሼ ይህን ሲጠብቁ ነበር። በ1985 ይህችኑ ከተማ ውስጥ፣ ስቲቭ ዴቪስና ዴኒስ ቴይለር የተጫወቱትን ፍጻሜ አይተዋል። የተከራዩት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎች ሁለት ሐበሾች ጋር፣ አንቴናው በሽቦ የታሰረ ቴሌቪዥን ላይ። ስንት ጊዜ እንደነገሩን እግዜር ይወቅ። ዴቪስ 8 ለ0 መራ። ስምንት ለዜሮ! ቴይለር ትልቅ መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ እያንገዳገደ፣ እየተከተለ፣ አንዴም ሳይመራ 17 እኩል አደረሰው። የመጨረሻው ፍሬም መጨረሻው ኳስ ላይ ደረሰ፣ ጥቁሩ ላይ። እኩለ ሌሊት አልፏል። 18 ሚሊዮን ተኩል ሰው እንግሊዝ አገር አልተኛም። ዴቪስ ሳተ፣ ቴይለር ከተተ። ጋሼ ያን ሌሊት ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ጮኸዋል።

«ስምንት ለዜሮ ተመርቶ ያሸነፈ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «አንተ ስድስት ለሁለት ትለኛለህ።»

ለዚህ መልስ የለም። ልጁም ዝም አለ። እኔ ከጋሼ ጎን ቆምኩ። ምክንያቱን አሁን ሳስበው ያሳፍራል፤ በ2000 ዣኦ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆኖ ዊሊያምስ ዋንጫ ሲያነሳ እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ፣ እና ያ ሰውዬ ከተሸነፈ አንድ ነገር እኔም ላይ የሚዘጋ መሰለኝ። እንዲህ ብዬ ግን አልተናገርኩም። «ልምድ» አልኩ። ሰው ምክንያት ሲያጣ «ልምድ» ይላል።

ከዚያ ባለቤቴ ቡናውን ይዛ መጣችና ማንም ያልነካውን ነካች። «ዣኦ ያ የተቀጣው ልጅ ነው አይደል?»

ነው። በ2023 አሥር ቻይናውያን ተጫዋቾች ከጨዋታ ማጭበርበርና ከውርርድ ጋር በተያያዘ ተቀጡ፤ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ታገዱ። ዣኦ 20 ወር ነበር የተፈረደበት። የራሱን ጨዋታ አልሸጠም። ሌላ ተጫዋች ሲያጭበረብር በነገሩ ውስጥ ነበረበት፤ ራሱም በስኑከር ላይ ተወራርዷል፤ አምኗል። እገዳው ያበቃው ሴፕቴምበር 2024 ላይ ነው። ካርድ የሌለው አማተር ሆኖ ከታች የጀመረውም ለዚህ ነው።

ጋሼ «ቁማር ቁማር ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ባለቤቴ ሲኒውን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ 20 ወር ተባለ፣ 20 ወር ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ ምን ያድርግ? በረኛ ይሁን?»

ልጁ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። ግን ቡናውን ተቀበሏት፤ ከእርሳቸው በኩል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የኔ ሐሳብ እንደ ባለቤቴ ነው። ቅጣቱን ጨርሷል። ለዚህ ማረጋገጫ የምትፈልጉ ደግሞ ኦሱሊቫንን 8 ለ0 የበላባትን ሴሽን እዩዋት፤ እንዲህ ያለ ነገር ማስመሰል አይቻልም። ያም ሆኖ፣ የማይወደውን ሰው አልወቅስም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ሁላችንም ሁለት ጥያቄ እያደባለቅን ነበር። አንዱ «ማን ያሸንፋል?» ነው፣ ሌላው «ማን ቢያሸንፍ ደስ ይለናል?» ነው። ጋሼ የዣኦን ጥፋት የሚቆጥሩት እንደ ድክመት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ኳስ የሚያስስተው ይመስል። የእህቴ ልጅ ደግሞ የዊሊያምስን 50 ዓመት እንደ ወንጀል ነው የሚቆጥረው።

ቻይናም ተነሳች። እዚያ አገር የዚህ ጨዋታ ተከታይ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የዓለም ሻምፒዮን ግን እስከዚያ ቀን አንድም አልነበራቸውም። ዲንግ ጁንሁዊ በ2016 ፍጻሜ ደርሶ በማርክ ሴልቢ 18 ለ14 ተሸንፏል። «ያን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሞ እጁ ይንቀጠቀጣል» አልኩ እኔ። እዚህ ላይ ግን ራሴን አላመንኩም። ዣኦ ለ20 ወር ያህል ስቲኩን ይዞ ውድድር የሌለው ሰው ሆኖ ከርሟል። ያን የቻለ ሰው ጭብጨባ ያስፈራዋል?

ዊሊያምስም በበኩሉ ምንም የሚፈራው ነገር የለም። በ2017 ክሩሲብል ሳይገባ በማጣሪያ ወድቆ ሊተወው ነበር። በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ካሸነፍኩ ራቁቴን መግለጫ እሰጣለሁ ብሎ ስለነበር ልብሱን አውልቆ ጋዜጠኞች ፊት ተቀመጠ። ጋሼ ይህን ክፍል ዘለው ነው የሚያወሩት። ባለቤቴ ሁልጊዜ ታስታውሳቸዋለች።

ሰዓቱ መሽቶ ነበር። ውርርድ አንወራረድም፤ ግን የተሸነፈው ወገን የሰኞን ጥብስ እንዲያበስል ተስማማን። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ጾም የለም፣ ሰኞ ደግሞ እንግሊዞቹ ባንክ የሚዘጉበት በዓላቸው ነው። ጋሼ 18 ለ16 ዊሊያምስ አሉ። እኔ 18 ለ15 ዊሊያምስ። ልጁ 18 ለ13 ዣኦ። ባለቤቴ «የደከመው ይሸነፋል» ብላ ቁጥር አልሰጠችም። ከዚያ ነው ጋሼ በር ላይ ቆመው ሰዓት የጠየቁኝ።

እሑድ ጨዋታው የሚጀምረው እንግሊዞቹ አንድ ሰዓት በሚሉት፣ እኛ 7 ሰዓት በምንለው ነው። የማታው ደግሞ እነሱ ሰባት በሚሉት፣ እኛ አንድ በምንለው። እንዲህ ያለ የተገለበጠ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብትሳሳትም የሆነ ሴሽን ላይ ትደርሳለህ፤ ግን የተሳሳተው ላይ። እኔ በእኛ አቆጣጠር «7» አልኩ። 40 ዓመት ሙሉ በእንግሊዝ ሰዓት አውቶቡስ የነዱ ሰው ግን 7 ሲባሉ የሚሰሙት የማታውን ነው።

አልመጡም። ደወልን፣ ስልካቸው ተዘግቷል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ይዘጉታል፣ ከዚያ መክፈቱን ይረሱታል። ጨዋታው ተጀመረ።

ስለዚያ ሴሽን ብዙ አልጽፍም፤ ብዙም የሚጻፍ የለውም። ዣኦ ሩቅ ያለችውን ቀይ ይከታል፣ ከዚያ ጥቁሩን፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ጥቁር። ዊሊያምስ ወንበሩ ላይ። ካሜራው ያሳየዋል፤ እግሩን አጣምሮ፣ ጣሪያውን እያየ። አንድ ፍሬም አገኘ። ሴሽኑ ሲያበቃ 7 ለ1 ነበር። የእህቴ ልጅ «ስድስት ለሁለት» ያለው እንኳ የዋህነት ሆነ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ለውዝ ይበላል።

እኔ ያን ሰዓት አንድ ነገር ገባኝ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ የመዘንነው የመጨረሻውን ፍሬም ነው። 18 ለ16፣ 13 ለ12፣ ጥቁሩ ኳስ፣ እኩለ ሌሊት። ማን አጥንቱ ጠንካራ ነው፣ ማን አይንቀጠቀጥም። ዊሊያምስ በዚህ ሚዛን ይበልጣል፤ አሁንም አምናለሁ። ግን ወደዚያ ቦታ ለመድረስ መጀመሪያ እሑድ በቀትር፣ ቅዳሜ ሌሊቱን የታገለ የ50 ዓመት ሰው፣ አርፎ ከመጣ ወጣት ጋር ስምንት ፍሬም መጫወት አለበት። ያን ማንም አልመዘነም። ልጁ ነክቶት ነበር። በ1985 ታሪክ አፉን አስያዝነው።

ከምሽቱ፣ በእነሱ ሰባት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ጋሼ በራችንን አንኳኩ። ብርቱካን ይዘው። ፊታቸው በርቷል።

«አልጀመረም አይደል?»

ማን ይንገራቸው። ባለቤቴ ብርቱካኑን ተቀብላ ወጥ ቤት ገባች። ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ቴሌቪዥኑ 7 ለ1 ይላል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ረጅም ሰዓት አዩት። «ይሄ የምንድነው?»

«የቀኑ ነው» አልኩ።

«የምን ቀን?»

አስረዳኋቸው። በጣም ተናደዱ፤ ዣኦ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ። «እዚህ አገር ቆመህ እንዴት በሐበሻ ሰዓት ትነግረኛለህ?» እውነታቸውን ነው። ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዊሊያምስ መጫወት ጀመረ።

እንደ አዲስ ሰው ሆነ። ኳሶቹን አዘገያቸው። ለመክተት ሳይሆን ዣኦን ለማስቸገር ይመታል፤ ነጩን ኳስ ወስዶ ከቢጫው ጀርባ ይደብቃታል፣ ጠርዝ ላይ ያጣብቃታል። የሩቅ ምት ሲቀንስ ዓይኑም ዳነ። ያን ማታ ከዘጠኙ ፍሬም አምስቱን ወሰደ። 11 ለ6 ሆኖ ተለያዩ። ጋሼ ሲወጡ «በሉ፣ ነገ ደግሞ» ብለው ልጁን በትከሻው መታ መታ አደረጉት።

ሰኞ ቀን ግን ለቅሶ ነበረባቸው። መቅረት አይቻልም። እኛ ብቻችንን አየነው። ዣኦ 6 ለ2። ድምሩ 17 ለ8፤ አንዲት ፍሬም ብቻ ቀረችው። እኔ ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመርኩ፤ ጥብሱ የኛ መሆኑ ታውቋል። ማታ ጋሼ መጡ። ጥቁር ልብሳቸውን አልቀየሩም። ውጤቱን አዩ፣ ምንም አልተናገሩም፣ ተቀመጡ።

ዊሊያምስ አንድ ፍሬም አሸነፈ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ለማጽናናት ያህል። ሁለተኛ አሸነፈ። ሦስተኛ። ጋሼ ቀስ ብለው ወደ ሶፋው ጫፍ መጡ። አራተኛውን ሲያሸንፍ 17 ለ12 ሆነ፤ የእህቴ ልጅ ለውዙን አስቀመጠ። ጋሼ በሹክሹክታ «ስምንት ለዜሮ» አሉ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረም። ሽንኩርቱ ያረረው ያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ፍሬም ዣኦ ጨረሰው። 18 ለ12። 500 ሺህ ፓውንድ፣ ዋንጫው፣ ለቻይናም ለእስያም የመጀመሪያው። ዊሊያምስ ሳቅ እያለ አቀፈው። ልጁ ዘሎ ተነሳ፣ ጋሼን አየ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ጥብሱን በላን። አርሮ ነበር፣ ማንም አልተናገረም። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው መጡና ቆመው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ባየሁት ግን ዊሊያምስ ነው ያሸነፈው።»

«ጋሼ!» አለ ልጁ።

«ቁጠር። እኔ የመጣሁባቸውን ሁለቱን ማታ ቁጠር።»

ልጁ ስልኩን አወጣ። እሑድ ማታ ዊሊያምስ 5፣ ዣኦ 4። ሰኞ ማታ ዊሊያምስ 4፣ ዣኦ 1። ደግሞ ደጋግሞ ደመረው። 9 ለ5። የቀን የቀኑን ደመረ፤ 13 ለ3 ለዣኦ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ አማርኛው ጠፍቶበታል።

ጋሼ ካፖርታቸውን ደረቡ። በር ላይ ቆሙ።

«የከርሞው በስንት ሰዓት ነው?»

«በ7 ሰዓት» አልኳቸው።